ከሥዕል ጋር መክረም

ቤቴ የመጣ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ቡናው እስኪቀርብ እንደምንም ይታገስና «ስንት ገዛሽው?» ይለኛል። ቀጥሎ «ምንድን ነው ግን?» ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ተዛንፎ አያውቅም። ዋጋውን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያዝንልኛል። አንድ የባለቤቴ ጓደኛ፣ ደግ ሰው ነው፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ «በዚህ ብር እኮ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ይመጣ ነበር» አለኝ። ልክ ነው፤ ይመጣ ነበር።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አለኝ፤ ለሁለተኛው አንዳንዴ። እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝ ሦስተኛውን ነው፦ ምን አገኘሽበት? እንግዲህ ሳልጠየቅ ልመልስ።

የሥዕል ሰብሳቢ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ቪላ፣ ረጅም ኮሪደርና ከጣሪያ የሚወርድ ነጭ መብራት ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ መምህር ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዞር ኖረናል። ያሉን ሥራዎች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹን የሠሩትም ስማቸው ገና በጋዜጣ ያልወጣ ወጣቶች ናቸው።

እንደኛ ላለ ሰው ሁልጊዜ የሚጠቀሱ ባልና ሚስት አሉ፤ ኸርበርትና ዶሮቲ ቮግል ይባላሉ። ኒው ዮርክ ውስጥ እሱ የፖስታ ሠራተኛ፣ እሷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። በእሷ ደመወዝ ይኖራሉ፣ በእሱ ደመወዝ የሥነ ጥበብ ሥራ ይገዛሉ። የሚገዙት አቅማቸው የቻለውንና ባለ አንድ መኝታ አፓርታማቸው ውስጥ የሚገባውን ብቻ ነው። እንዲህ እያሉ ከ4,000 በላይ ሥራ ሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ስብስባቸው ዋሽንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም እንዲሄድ ተስማሙ። ታሪካቸውን ለባለቤቴ ሳነብለት በጥሞና ሰማኝና «እኛስ? በማን ደመወዝ ልንበላ ነው?» አለኝ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት በዕቁብ ብር ነው። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ነበረን፤ ዕጣው ሲወጣልኝ ሶፋ ልንቀይርበት ተስማምተን ነበር። በዚያው ሰሞን አንዲት ባልደረባዬ ወንድሟ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሊመረቅ ነውና የተመራቂዎቹን ዐውደ ርዕይ አብረን እንይ ብላ ወሰደችኝ። ትምህርት ቤቱ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ነው። የሄድኩት ለወጉ ነበር። ትልልቆቹን ሸራዎች አልፌ አንድ ጥግ ላይ ከአንዲት የወረቀት ሥራ ፊት ቆምኩ። ጥቁርና ነጭ ናት። የተደረደሩ ጀሪካኖች አሉባት፤ ከቦኖ ውሃ ፊት፣ በሰልፍ። ሰው የለም። አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው ጀሪካኑ ይሰለፋል፣ ባለቤቱ ሌላ ሥራውን ይሠራል። አንዱ ጀሪካን እጀታው ላይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ አንዱ ክዳኑ የፌስታል ነው፣ አንዱ ትንሽ ወደ ጎን አጋድሏል። የማንን ቤት እንደሚያመለክት የማውቅ ይመስለኝ ጀመር። ከዚህ በፊት ሥዕል ፊት ቆሜ ሰው አምቼ አላውቅም ነበር።

ሥራው የእንጨት ኅትመት ነው። ሠዓሊው ጣውላ ላይ በመቅረጫ ይፈለፍላል፤ ያልተፈለፈለው ክፍል ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይጫንበታል። ከግርጌ በእርሳስ ፊርማና እንደ 3/12 ያለ ቁጥር ይጻፋል፤ ከታተሙት 12 ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በሠዓሊው እጅ ስለሚታተም ሁሉም ወጥ ሥራ ነው፤ ከብዙ ሰው ጋር ስለምትካፈሉት ግን ዋጋው ዝቅ ይላል። ደመወዝተኛ ሆኖ መጀመር ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ይህ ዘዴ በትምህርት ቤቱ ሥር የሰደደው ሃንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመናዊ የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 እዚያ ባስተማረበት ጊዜ ነው። ኋላ ታላቅ ስም ያተረፈው ዘሪሁን የትምጌታም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው፤ የገዛሁት ሥራ ራሱ ገፍቶ ወደ ንባብ አስገባኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ለፈተና የሸመደድኩት ታሪክ አልተረፈኝም፤ ገንዘብ ያወጣሁበት ግን አይረሳኝም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና።

ሶፋውም ተገዛ። ትንሽ ያነሰ ሶፋ።

ሁለተኛው ሥራ ዘይት ቀለም በሸራ ላይ ነበር፤ ከዚህኛው ጋር ነው ነገሩ የጠናብኝ። አንዲት ሴት በጎን ተሥላለች፤ ሰማያዊ ነጠላ ደርባ ወደ ግራ ታያለች፤ የምታየው ነገር ከሥዕሉ ውጭ ነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኛ ዘንድ ስትከርም ከሶፋው ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆየችና «ልጄ፣ ይቺ ሴት ምን አድርጋ ነው?» አለችኝ። አልገባኝም። «በአንድ ዓይን ነው እኮ የሣላት» አለች።

እናቴ ሥዕል የምታውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ሰማዕታትን የሚገርፉ ወታደሮች በጎን ይሣሉና አንድ ዓይን ብቻ ይቀራቸዋል። ይኸው ልማድ ወደ ዐድዋ ሥዕሎችም ተሻግሯል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት በሙሉ ፊት፣ ጣሊያኖቹ በጎን። እኔ እነዚህን ሥዕሎች ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያቸው ኖሬ አንድም ቀን ዓይን ቆጥሬ አላውቅም። እናቴ ግን ፊደል ሳትቆጥር ዓይን ስትቆጥር አድጋለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሥዕሏ ሌላ ሆነችብኝ። ዝም ብላ ወደ ውጭ የምታይ ሴት መስላኝ ነበር፤ አሁን አንድ ነገር የደበቀች ትመስላለች። ሠዓሊውን ሳገኘው የእናቴን ጥያቄ ነገርኩት። ብዙ ሳቀ። «እኔ ስሠራት እንዲህ አላሰብኩም፤ ግን እማማ አልተሳሳቱም። ሁለተኛውን ዓይን ላወጣው ስል እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር» አለኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ «አላልኩሽም?» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ለምትመጣ ጎረቤት ሁሉ ስለ ሴትዮዋ በደል የራሷን ታሪክ ትናገር ጀመር፤ ታሪኩም በየጊዜው ይለዋወጣል። አንዴ ባሏን የከዳች ናት፤ አንዴ የተከዳችው እሷ ናት። እኔ ከእናቴ ጋር ከሥጋና ከበርበሬ ዋጋ፣ ከዘመድ ሰርግና ከለቅሶ ውጭ የምናወራው ብዙ አልነበረንም። አሁን በስልክም ሳይቀር «ያቺ ሴት እንዴት ናት?» ትለኛለች።

ሙዚየም ውስጥ ሥዕልን እንጎበኘዋለን። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር፤ እግራችን ደክሟል፣ የሚቀጥለው ክፍል ይጠብቀናል። ቤት ውስጥ ያለ ሥዕል ግን ስንበላ፣ ስንጣላ፣ ልጅ ሲታመም፣ መብራት ሲጠፋ አብሮን ነው። ሆን ብለን ሳናየው እንኳ እንዳየነው እንኖራለን። ይህን ነው መክረም የምለው።

ክረምት ላይ ሳሎናችን ብርሃኑ ግራጫ ስለሚሆን የሴትየዋ ነጠላ ወደ ጥቁር ይጠጋል። መስከረም ላይ ደመናው ሲገፈፍ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ከጎን ሲመታት፣ ቀለሙ የወፈረበትና የሳሳበት ቦታ ይለያል። እንዲህ ባለ ጠዋት ከነጠላው ሥር ሌላ መስመር አየሁ። ትከሻዋ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ተሥሎ ኖሮ ሠዓሊው ሐሳቡን ለውጦ ቀለም ደርቦበታል፤ የቀድሞው ትከሻ ግን ሸራው ላይ እንደ ጠባሳ ጎርበጥ ብሎ ቀርቷል። ከቀለሙ ውስጥ የብሩሽ ፀጉርም አገኘሁ፤ ደርቆ ተይዟል። በስልክ ፎቶ ላይ እነዚህ ነገሮች የሉም። ፎቶው ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ ይነግራል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን ይደብቃል። እኔን ደግሞ የሚይዘኝ አንድ ሰው ቆሞ፣ አመንትቶ፣ ሐሳቡን ለውጦ እንደነበር የሚመሰክረው ያ ጉርባጤ ነው።

ሁሉም ሥዕል ግን ክረምት አያወጣም። አንዳንዱ ያልቃል። ገና ሲታይ ደስ የሚል፣ ቀለሙ የሚያበራ፣ ምን እንደሆነ ወዲያው የሚነግር አንድ ሥራ ገዝተን ነበር፤ ላሊበላ በጀምበር መጥለቂያ። እንግዳ ሁሉ እሱን ነው የሚያደንቀው፤ «ይኼስ ሥዕል ነው» ይላሉ። እኛ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ማየት ተውነው፤ መቀርቀሪያና መጋረጃ እንደማይታይ ሁሉ እሱም አይታየንም። አውርደን ከአልጋው ጀርባ አቆምነው። በሌላ በኩል አንድ ሙሉ በሙሉ ረቂቅ የሆነ፣ ይሄ ነው የሚባል ቅርጽ የሌለው፣ ቡናማና አመድማ ቀለም ብቻ ያለበት፣ ባለቤቴ ስገዛው ሦስት ቀን ያኮረፈኝ ሥራ ዛሬ ከቤታችን ዋናው ግድግዳ ላይ ነው። የሰቀለው ራሱ ባለቤቴ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምሳ በልቶ ተጋድሞ «ይሄ ነገር የክረምት መሬት ነው፤ ከመታረሱ በፊት» አለ። ገበሬ ቤት ነው ያደገው። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሠዓሊውንም አልጠየቅነውም። ከዚህ የተማርኩትን አሁን ስገዛ እጠቀምበታለሁ፦ ዐውደ ርዕይ ላይ ወዲያው የገባኝን ሥራ አልቸኩልበትም፤ ቤት ገብቼ እንቅልፍ የነሳኝን ነው ተመልሼ የምጠይቀው።

ስቱዲዮ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጸጋ ነው። ጋለሪ ውስጥ ሁሉም ነገር ተጠርጎ ይጠብቃል። ስቱዲዮ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ግቢ ጀርባ የተከራዩት ሰርቪስ ቤት ነው፤ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የቆሙ ሸራዎች፣ የደረቀ ብሩሽ የሞላ የቲማቲም ጣሳ፣ ሻይ። ሠዓሊው አንድ በአንድ እያዞረ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ የሆነ ብልህ ነገር መናገር ያለብኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ዝም እላለሁ፤ ዝምታውን እሱ ራሱ ይሞላዋል። አንዱ ሥራ ላይ የነበረውን ያልተለመደ አረንጓዴ ሰማይ አድንቄ ምክንያቱን ስጠይቅ «ሰማያዊው አልቆብኝ ነው፤ ሱቅም ጠፋ» አለኝ። ሃያሲ ቢሆን ስለዚያ ሰማይ ሁለት ገጽ ይጽፍ ነበር። እኔ መልሱን ከሰማሁ በኋላ ሰማዩን ይበልጥ ወደድኩት።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ ጥሩ ዘይት ቀለምና ሸራ ከውጭ የሚመጣ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ አንዲት የቀለም ቱቦ ስንት እንደገባች የሰማ ሰው ሥዕል ተወደደ ብሎ አይከራከርም። ዋጋ መከራከር ልማዳችን ነው፤ እኔም ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ላይ አልምርም። ሠዓሊ ጋ ግን ዋጋ አስቀንሼ አላውቅም፤ የምጠይቀው ጊዜ ነው። ቀብድ እከፍላለሁ፣ የቀረውን ደመወዝ በገባ ቁጥር። አንዱ ሠዓሊ ገና ሳልጨርስ «ውሰጂው፤ እዚህ ፊቱን አዙሮ ከሚቆም እዚያ ይታይ» ብሎ አስጫነኝ። ፊርማ የለ፣ ዋስ የለ። በሙያዬ ሰነድ የሌለው ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ያን ቀን ግን ሥዕሉን ታክሲ ላይ ጭኜ ስሄድ የታመንኩት ያህል ታምኜ አላውቅም።

ይኸው ሠዓሊ ከጊዜ በኋላ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ ሥዕሉን አውሺኝ አለኝ። ግድግዳው ባዶ ሆነ፤ የሚገርመው ሁላችንም ስናልፍ ወደ ባዶው ቦታ እናይ ነበር። በመክፈቻው ቀን ልጃችንን ይዘናት ሄድን። ሥዕሉ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ በደንብ መብራት ተደርጎለት ከሩቅ ሳየው አላወቅሁትም፤ እኛ ቤት ከፍሪጁ አጠገብ ስለሆነ ይሆን? ከሥሩ ካርድ ላይ «ከግል ስብስብ» ይላል። ልጄ ካርዱን አንብባ፣ አጠገቧ የቆሙትን የማታውቃቸውን አንድ ሽማግሌ ቀና ብላ «የእኛ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ቆብ አውልቀው «አመሰግናለሁ፣ ስላሳያችሁን» አሏት። እስከዚያች ቀን ድረስ ሥዕል መግዛት የግል ደስታዬ ብቻ ነበር።

ስለዚህ «የእኛ» ስለሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤአለሁ። ጣና ላይ ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። እዚያ ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ግርጌ እቴጌይቱ ራሳቸው በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። የአገር ገዥ ናቸው፤ ገንዘቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ቦታቸው ግን መሬት ላይ ነው። በእኛ አገር የአሠሪ ሰው ወጉ እንዲህ ነበር፤ ከሥዕሉ ውስጥ ይገባል፣ ግን ከታች። ዛሬ ሥዕል የሚገዛው ሰው ከሥዕሉ ወጥቶ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ደረሰኝም ይዟል። ቢሆንም ያ ግርጌ አይጠፋኝም።

ሥዕል የሚገዛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሥዕሉ የት ይኖራል የሚለውን ይወስናል። ብዙ ሰው በገጣሚነቱ የሚያውቀው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ፣ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ፤ እኔን እንግዶቼ የሚጠይቁኝን «ምንድን ነው ግን?» እሱ በአገር ደረጃ ተጠይቋል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ፤ በ1981 ግን በስደት ኦክላሆማ፣ አሜሪካ አረፈ። ጀርመን የቀሩ ሥራዎቹ ወደ አገር ተመልሰው በስሙ የተሰየመው ሙዚየም አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ2008 ነው፤ እነዚህም ዘመኖች እ.ኤ.አ. ናቸው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም እንደዚሁ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል፤ በ1964 ከሠራቸው ታላላቅ ሥራዎቹ አንዱ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና ነው። እነዚያ ሙዚየሞች በክብር ስለያዙልን ቅሬታ የለኝም። ያም ሆኖ እነዚያን የእስክንድር ሥራዎች በአካል ማየት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ መጀመሪያ ቪዛ ማግኘት አለበት። ለረጅም ጊዜ የሠዓሊዎቻችን ዋና ገዢ የኤምባሲ ሰው፣ የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛና ቱሪስት ነበር፤ ጊዜው ሲያበቃ ሥዕሉን ጠቅልሎ ይሄዳል። ገዛ፣ ወደደ፣ ወሰደ፤ ምን ይባላል? እኛ አልገዛንም ነበር።

ያልሄደውም ቢሆን አንድ ሰው ስላስቀረው ነው። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ፎቅ ላይ ያሉትን የጥንት የእንጨት ሥዕሎች ያየ ሰው ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። ስብስቡን ከጅምሩ ያቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ቅርስ እየገዛ ለሙዚየሙ ሲያስገባ ኖሯል። እነዚያን ሥዕሎች ሳይ ከቅዱሱ ይልቅ «ይህ እዚህ ይቅር» ብሎ ኪሱ የገባው ሰው ይታየኛል። የእኔ ጀሪካኖች እዚያ ደረጃ ይደርሳሉ ማለቴ አይደለም። ግን በእኛ ዘመን ውሃ በሰልፍ ይቀዳ እንደነበር፣ ሰዉም እንዳልነበረና ጀሪካኑ እንደነበረ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

እርግጥ ነው ማስቀመጥ ራሱ ሥራ አለው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነውና በሚስማር አይሆንም፤ በድሪል በስቶ ፊሸር ማስገባት ያስፈልጋል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ድሪል በሰማች ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ምን ገዛችሁ?» ትላለች። ከጭስ ጋር ያለን ጣጣ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም፤ ዕጣኑ ደግሞ ሸራው ላይ ቀስ እያለ ቢጫ ጥላ ይጥላል። ረከቦቱን ወደ በረንዳው በር አዛወርነው፤ እናቴ ስትመጣ ግን ዕጣኑን ወደ ሴትዮዋ ታስጠጋዋለች፣ «ይጥናት» እያለች። ምን ላድርግ? የወረቀት ሥራ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው፣ ከመስተዋቱም ጋር እንዳይነካካ በመሐል ካርቶን ያለው ፍሬም ማሠራት ይሻላል። ዘይት ቀለም ሲደርቅ ወራት ስለሚፈጅ ገና አዲስ ሸራ በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት አይገባም። ኪራይ ቤት በነበርንበት ጊዜ ቤት ስንቀይር ዕቃው በአይሱዙ ይሄዳል፤ ሥዕሎቹ ግን በእኔ ጭን ላይ። አዲሱ ቤት ገብተን መጋረጃ ሳይሰቀል፣ አልጋ ሳይገጠም መጀመሪያ የምንሰቅለው ጀሪካኖቹን ነበር፤ ልጄ ትንሽ ሳለች እነሱን ካላየች አትተኛም።

«ኢንቨስትመንት ነው አይደል?» የሚሉኝም አሉ፤ ለማጽናናት ብለው። አይደለም። ሥዕል ብር ሲቸግር በማግስቱ የሚሸጥ ንብረት አይደለም፤ ወርቅ ቤት እንደሚወሰድ ሐብል አይመዘንም። ሥራቸውን ከገዛሁላቸው ወጣቶች የአንዱ ሁለቱ ዋጋ ዛሬ ጨምሯል፤ አንዱ ሥዕል ትቶ የግራፊክስ ሥራ ይዟል፤ አንዷ አገር ጥላ ሄዳለች። በሒሳብ ዓይን ካየሁት ኪሳራ ይበዛዋል። ለትርፍ የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ የሚያየው ፊርማውን ነው፤ ሥዕሉን ለማየት ጊዜ አይተርፈውም። ብሩን ማትረፍ የፈለገ አክሲዮን ይግዛ።

አሁን አንድ መዝገብ ከፍቻለሁ። ሙያዬ ነውና ከዘገየሁ በቀር አላመልጠውም ነበር። ሠዓሊው ማን ነው፣ መቼ ተሠራ፣ በምን ቁስ፣ መጠኑ ስንት በስንት፣ ከማን ተገዛ፣ ስንት ተከፈለ፤ ከዚያ ደግሞ «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለ፤ ሠዓሊው የተናገረው፣ እናቴ ያለችው፣ የባለቤቴ የክረምት መሬት እዚያ ገብተዋል። የአረንጓዴው ሰማይ ምክንያትም ተመዝግቧል። መዝገቡን ሳዘጋጅ ልጄን ጠርቼ፣ እኛ ስናልፍ የትኞቹን ትወስጃለሽ አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በጥያቄው አልደነገጠችም። አንድ በአንድ ዞራ አየችና የወሰነችው ከአልጋው ጀርባ ያለውን ነው፤ ላሊበላ በጀምበር መጥለቂያ። «እሱን ማንም ስለማያየው» አለችኝ። የቀሩትን ለሙዚየም ስጡ ብላለች። ሙዚየሙ ይቀበለን እንደሆነ ገና አልጠየቅንም፤ አባቷ ግን ያኔውኑ መዝገቡ ላይ ከላሊበላው ሥዕል ጎን ስሟን ጻፈ፣ በእስክሪብቶ።